ትንሽ ግን የምትሰፋ መኪና ለአዲስ ተጋቢዎች፣ ደብረ ብርሃን ላይ፦ ያሪስ፣ ዲዛየር ወይስ ኤሌክትሪክ?

የበሬሳ ማዶ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔና ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፤ ሁለታችንም ተቀጣሪ ነን። የመጀመሪያ መኪናችንን ልንገዛ ነው። አጠቃቀማችን ይሄን ይመስላል፦ በአዘቦቱ ከጠባሴ መሐል ከተማ መመላለስ፤ በወር አንዴ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ መሄጃው ብቻ 130 ኪሎ ሜትር፤ በበዓል ደግሞ ጣርማ በር ላይ ታጥፈን በመዘዞና በሞላሌ አድርገን መሐል ሜዳ፣ ቤተሰብ ጋ። አልፎ አልፎ ሸዋ ሮቢት እንወርዳለን።

ልጅ እየጠበቅን ስለሆነ የሕፃን ወንበር መግባት አለበት። እማማም ከኋላ ሲቀመጡ ጉልበታቸው እንዳይጨነቅ እንፈልጋለን። ከመንዝ ስንመለስ ግማሽ ኩንታል እህል እንደማይቀር ታውቃላችሁ።

ያየናቸው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ትውልድ ያሪስ (ሰው ሁሉ ቪትዝ የሚለው)፣ ሱዙኪ ዲዛየርና ሱዙኪ አልቶ ናቸው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ «ነዳጅ ትታችሁ ኤሌክትሪክ ግዙ» ይለናል። ጥያቄዎቼ፦ ሞተሩ 1.0 ሊትር ይበቃል ወይስ 1.3? ደላሎቹ «የዱባይ ነው፣ የአውሮፓ ነው» ሲሉ ልዩነቱ የዋጋ ብቻ ነው? ኤሌክትሪኩስ ለእኛ ዳገትና ብርድ ይሆናል?


መካኒክ ከጠባሴ፦

እንኳን ደስ አላችሁ። ከሞተሩ እንጀምር፤ እዚህ ከተማ ላይ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የመጀመሪያው ትውልድ ያሪስ (ከ1999 እስከ 2005 የተሠራው) በ1.0 ሞተሩ በወረቀት 68 የፈረስ ጉልበት አለው፤ እዚህ ሲደርስ 51 ገደማ ይቀረዋል። 1.3ቱ 87 ነው፤ እዚህ 65። ስለዚህ የእኛ ከተማ 1.3 ማለት ጅቡቲ ላይ የሚነዳ 1.0 ማለት ነው። ሁለት ሰው ይዞ ከጠባሴ መሐል ከተማ ለሚመላለስ 1.0 አያንስም። አራት ሰው፣ ሕፃንና እህል ጭኖ ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማ በር ለሚወጣ ግን ከ1,300 ሜትር ተነስቶ ከ3,000 በላይ መውጣት ነውና በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ ነው የሚደርሰው። ነዳጅ ይቆጥባል የተባለውም እዚያው ዳገት ላይ ይቀራል፤ ትንሽ ሞተር ነዳጅ የሚቆጥበው ሳይጨነቅ ሲሠራ ነው። 1.3 ግዙ። የዲዛየሩ 1.2ም እዚሁ ክልል ውስጥ ነው፣ 83 የፈረስ ጉልበት፤ መኪናው ቀላል ስለሆነ ዳገቱን አይፈራም።

የድሮው ኮሮላ ዲኤክስ ይሻለናል የምትሉ ካላችሁ፣ ካርቡሬተሩ ለቆላ አየር የተስተካከለ ስለሆነ እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል። ኢንጄክሽን ያለው ግን አየሩን በሴንሰር እየለካ ራሱ ያስተካክላል። ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አያጨስም። ካጨሰ ከፍታው አይደለም ጥፋተኛው።

አሁን እዚህ አገር ሞተር የሚገድሉትን ሁለት ነገሮች ልንገራችሁ።

አንዱ የራዲያተር ክዳን ነው። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞስታቱ ደግሞ የሚከፍተው በ82 አካባቢ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት የሚያሰፋው ክዳኑ ነው፤ ግፊት አምቆ ይዞ የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ዝቅ ብሎ አዋሽ ላይ ላያስቸግር ይችላል፤ ጣርማ በርን ሲወጣ ግን ይፈላል። ከዚያ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ወጪው ከክዳኑ መቶ እጥፍ ነው። መኪናውን በገዛችሁበት ሳምንት ክዳኑን ቀይሩ፤ ግፊቱ በላዩ ላይ የተጻፈው ከአሮጌው ጋር እኩል ይሁን። የቧንቧ ውሃ አውጥታችሁ ግማሽ በግማሽ ኩላንት ሙሉ፤ ከብርዱም ከዝገቱም ይጠብቃል።

ሁለተኛው ዘይት ነው። ብዙ ጋራዥ «መኪናው አሮጌ ነው» ብሎ 20/50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ይሞላል። የ1.3 ያሪስ ሞተር በካቴና ነው የሚሠራው፤ ካቴናውን የሚወጥረውና ቫልቩን የሚያስተካክለው ክፍል በቀጭን ቀዳዳ በሚመጣ የዘይት ግፊት ይንቀሳቀሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲወድቅ 20/50 ማር ይሆናል፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ካቴናው ያለ ዘይት ይንኳኳል። 5/30 ሙሉ፤ ብዙ ከተነዳ 5/40። ለ1.3ቱ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ይበቃል፤ 4 ሊትር ገዝታችሁ ሁሉንም አትገልብጡ፣ በዲፕስቲኩ ለኩ። በየ5,000 ኪሎ ሜትር ቀይሩ።

ስትገዙ የምታዩትን በአጭሩ። መኪናው ጋ ስትደርሱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን ኮፈኑን ከፍታችሁ በእጃችሁ ንኩ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ፤ ሻጭ ሞተር የሚያሞቀው የሚደብቀው ድምፅ ሲኖር ነው። ቀዝቃዛውን አስነሱ፤ የካቴና ንኳኳታ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆየ ካቴናውና መወጠሪያው ደክመዋል። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ፤ ከውስጥ ነጭ ቅባት ካለው ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። የኮምፕረሽን ልኬት ስታሠሩ ደግሞ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት። ጅቡቲ ላይ 14 ባር የሚለካ ጤነኛ ሞተር እዚህ 10 ባር ነው የሚያሳየው፤ ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ሞተር «አልቋል» ተብሎ ተፈቷል። የምታዩት በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ከ1 ባር መብለጥ የለበትም።

አዲስ አበባ ላይ የምትገዙ ከሆነ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ አስወጡት። ከእኛ ከተማም የሚበልጥ ከፍታ ነው፣ ዳገቱም ቀጥ ያለ ነው። ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት፣ ካምቢዮው የሚያመነታ፣ ራዲያተሩ የሚፈላ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ሻጩ «ለምን እንጦጦ?» ካለ መልሱን አግኝታችኋል።


ጋሽ ቸርኬ፦

መካኒኩ ስለ ሞተሩ ያለውን እደግፋለሁ። እኔ «የዱባይ» እና «የአውሮፓ» ወደተባለው ልግባ፣ ምክንያቱም ከዋጋ በላይ ነው።

የአውሮፓው ከመጀመሪያውም መሪው በግራ ሆኖ የተሠራ ነው። የዱባይ ከሚባሉት ብዙዎቹ ግን ጃፓን ውስጥ መሪያቸው በቀኝ ሆኖ ተሠርተው፣ ዱባይ ላይ ወደ ግራ የዞሩ ናቸው። ያሪስ/ቪትዝ ለዚህ የተመቸ ሆነ፤ ሰዓቶቹ መሐል ላይ ስለሆኑ ዳሽቦርዱን ማዞር ቀለለ። በደንብ የዞረ አለ፣ በችኮላ የዞረ አለ። ለይቶ ማወቂያው እንዲህ ነው።

ሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። 17 ሆሄና ቁጥር ኖሮት በቪኤንኬ ከጀመረ ፈረንሳይ ያለው የቶዮታ ፋብሪካ፣ ቫለንሲየን፣ ከ2001 ጀምሮ የሠራው ያሪስ ነው። በጄቲዲ ከጀመረም ለውጭ ገበያ የተሠራ ነው። አጭር ሆኖ ኤስሲፒ10 ወይም ኬኤስፒ90 እያለ ሰረዝ ከገባበት የጃፓን የውስጥ ገበያ መኪና ነው፣ መሪው ዞሯል ማለት ነው።

ዝናብ መጥረጊያውን አስነሱ። የቀኝ መሪ መኪና መጥረጊያ የሚያጸዳው የቀኙን ሹፌር ፊት ነው፤ የዞረ መኪና ላይ በግራ ጥግ፣ ልክ ዓይናችሁ ፊት፣ ያልተጠረገ መስታወት ይቀራል። የጣርማ በርን ጉም ለሚያውቅ ይህ ቀልድ አይደለም። ማታ ደግሞ መብራቱን ግድግዳ ላይ አብሩ። ጨረሩ ወደ ግራ ከፍ የሚል ከሆነ ከፊት ለሚመጣው ዓይን ነው የሚያበራው፤ የፊት መብራቱ መቀየር አለበት።

ከዚያ ሹፌሩ እግር ሥር ምንጣፉን ገልጣችሁ ብረቱን እዩ። ፍሬን ፔዳሉ የተያዘበት ብረት ላይ አዲስ ብየዳ፣ ወይም ፔዳሉን ከፍሬን ሰርቮው ጋር በረጅም ዘንግ የሚያገናኝ ሥራ ካለ ተጠንቀቁ። ዘንጉ ሲላላ ፔዳሉ ዝቅ ይላል፣ ቁልቁለት ላይ ነው የሚታወቀው። ሽቦውም እዚያው አካባቢ ተቆራርጦ በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ የኤሌክትሪክ ብልሽት አይለያችሁም። ኤርባጉን በተመለከተ፣ ቁልፉን ስታዞሩ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሏል፤ ኤርባጉም የለም ብላችሁ ያዙት።

በሥርዓት የዞረ፣ ዋጋውም የቀነሰ ከሆነ ከተማ ውስጥ ለሚነዳው አይከፋም። ሕፃን ይዛችሁ ጣርማ በርን የምትወጡና የምትወርዱ ከሆናችሁ ግን የአውሮፓውን ጨምራችሁ ክፈሉ። ለቤተሰብ መኪና ይሄ ላይ መቆጠብ አይታየኝም።

ካምቢዮ ላይ ደግሞ አንድ ነገር። ሁለተኛው ትውልድ ቪትዝ ከጃፓን የመጣው ብዙው ሲቪቲ ነው፣ በማርሽ ፋንታ በቀበቶ የሚሠራ አውቶማቲክ። ዘይቱ ለብቻው ነው፣ ቲሲ የሚባለው፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ከተሞላበት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ አይጠገንም ማለት ይቻላል። ደብረ ብርሃን ላይ ሲቪቲ የሚፈታ እጅ ማግኘት ቀላል አይደለም። ማንዋል ካገኛችሁ ማንዋል ግዙ፤ ዲስኮና ፕረሸር የትም ይቀየራል። ቁልቁለት ላይም ማርሹ ራሱ ፍሬን ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩበት። ፍሬን ዘይቱ ያረጀ ከሆነ እርጥበት ስለሚስብ አዲሱ ዶት 3 የሚፈላበት 205 ዲግሪ ወደ 140 ይወርዳል፤ ያኔ ፔዳሉ ስፖንጅ ይሆናል። ዶት 4 አድርጉበት፣ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።


እናት ጓዳ፦

ወንዶቹ ሞተሩን ፈትተው ጨረሱት፤ የሚቀመጠውን ሰው ማን ይለካ?

እህቴ፣ ስፋት በዓይን አይታይም፣ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ባለቤትሽ ወንበሩን ለመንዳት እንደሚመቸው ያስተካክል፣ ከዚያ አንቺ ከሱ ኋላ ተቀመጪ። በጉልበትሽና በወንበሩ ጀርባ መካከል አንድ ስንዝር ከሌለ እማማን አትጋብዟቸው። የሕፃን ወንበር ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞረው (ሕፃናት በዚያ ነው የሚጓዙት) ከፊት ያለውን ወንበር ስለሚገፋ፣ ከፊቱ የሚቀመጠው ረጅሙ ሰው መሆን የለበትም። ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ እንዲህ ዓይነቱን ፈጽሞ አታስቀምጡ።

አሁን ንጽጽሩ። ሁለተኛው ትውልድ ያሪስ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 2,460 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዲዛየር 2,450። ከውጪ ዲዛየር ረዝሞ ቢታይም ለሰው የሚሰጠው ቦታ እኩል ነው ማለት ነው፤ ርዝመቱ ያለው ዕቃ መጫኛው ላይ ነው። ዲዛየር 378 ሊትር ይይዛል፣ ያሪሱ 272። ለሕፃን ጋሪ፣ ለሻንጣና ለግማሽ ኩንታል እህል በአንድ ላይ ዲዛየሩ ይሻላል። ያሪሱ ግን የኋላ ወንበሩ ወደፊት ይንሸራተታል፣ ይታጠፋልም፤ ሰው ሳይኖር ቁም ሣጥን ያክል ይጫንበታል። የዲዛየሩ መደገፊያ አይታጠፍም። የመጀመሪያው ትውልድ ያሪስ ወንበሩ ወደኋላ ሲሆን 205 ሊትር ብቻ ነው፣ ወደፊት ሲሳብ 305፤ ሲሳብ ግን እግር ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይሰጥም።

አልቶው 177 ሊትር ነው። ለሁለት ሰው የከተማ መኪና ነው፣ ለእናንተ አይሆንም፤ በዚህ ጊዜ አታጥፉ።

ያልጠራችሁት አንድ አለ፦ ሆንዳ ፊት፣ በአውሮፓ ስሙ ጃዝ። ከትንንሾቹ ሁሉ ሰፊው እሱ ነው። የነዳጅ ታንከሩን ከፊት ወንበሮች ሥር ስላስገቡት የኋላው ወንበር መቀመጫ ወደ ላይ ተነስቶ ይቆማል፣ ወለሉም ዝቅ ያለ ነው፤ ጋሪው ሳይታጠፍ ይገባል። ችግሩ ዕቃው ነው። የያሪስና የዲዛየር ዕቃ እዚህም አዲስ አበባም ሞልቷል፤ የሆንዳው ይታዘዛል፣ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ትውልድ 1.3 በየሲሊንደሩ ሁለት ካንዴላ፣ በጠቅላላው ስምንት ነው ያለው፤ አራት ብቻ ቀይሮ ስምንት የሚያስከፍል አይጠፋም።

ፖርቶመጋላ እንጨምርበታለን የምትሉ ከሆነ ባዶውም ነፋስ እየገፋ ነዳጅ ይጨምራል። ለበዓል ብቻ ይሰቀል፣ ከዚያ ይውረድ። እህሉን ግን ላይ አትጫኑ፤ 50 ኪሎ ጣራ ላይ ሲሆን ቀላል መኪና በኩርባ ላይ ያዘነብላል። ከኋላ ወንበር ሥር፣ ወለል ላይ።


ባለ ብሬከሩ፦

ኤሌክትሪኩን እኔ ልመልስ። በአጭሩ፦ የራሳችሁ ግቢና የራሳችሁ ቆጣሪ ካለ ይሆናል፣ ተከራይታችሁ ቆጣሪ ከሌላው ጋር የምትጋሩ ከሆነ አይሆንም።

ኤሌክትሪክ መኪና ከፍታ አያደክመውም፤ አየር ስለማያስፈልገው ጣርማ በርም ላይ ያው ጉልበት ነው። መንግሥትም ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ አዲስ ትንሽ መኪና ስትሉ ገበያው ላይ ያለው በአብዛኛው ይሄው ነው። ትንንሾቹን ለማሳየት ቢዋይዲ ሲጉልን እንውሰድ፦ 3,780 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ በጎማዎቹ መካከል 2,500፤ ማለትም ከያሪሱ ብዙም ሳይረዝም እግር ላይ ይሰፋል። ሆኖም ለቻይና ገበያ የተሠራው አራት ሰው ነው የሚይዘው። እማማ፣ ሕፃን፣ እናንተ፤ አለቀ።

ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው፣ 30.08 እና 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት። ቻይና 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ትላለች፤ ያ መለኪያ በቀስታ መንዳት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በሰባ በመቶ አስቡት። ሒሳቡን እንሥራ። በ80 ፍጥነት በ100 ኪሎ ሜትር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ለሚመጣ 17 ይሆናል፤ 500 ሜትር ሽቅብ መውጣቱ 2.4 ይጨምርበታል፤ ወደ 19። ስትሄዱ ቁልቁል ስለሆነ ያነሰ ነው። ትልቁ ባትሪ ደርሶ መልሱን በጭንቅ ይጨርሰዋል፣ ማሞቂያ ካበራችሁበት ግን አይታመንም። ትንሹ አዲስ አበባ ላይ ሳይሞላ አይመለስም። ከሸዋ ሮቢት ጣርማ በር መውጣት ደግሞ ከመንገዱ ፍጆታ ሌላ ለከፍታው ብቻ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። ሲወርድ ከፊሉ ይመለሳል፤ ባትሪው ጢም ብሎ ከሞላ ግን የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም። ደብረ ሲና አድራችሁ ሞልታችሁ ቁልቁል የምትወርዱ ከሆነ በ90 በመቶ አቁሙት።

ቤት ውስጥ መሙላት። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር 10 አምፒር ቢስብ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ ትልቁን ባትሪ ከ20 እስከ 100 ለማድረስ 16 ሰዓት ገደማ። ለከተማ ምልልስ በየሌሊቱ የጎደለውን መሙላት በቂ ነው። ይህን በማራዘሚያ ገመድ አታድርጉት። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የተሳበ 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ 16 አምፒር ብሬከር፣ ጥሩ ሶኬትና እውነተኛ መሬት ሽቦ ይኑር። መሬት ሽቦ ከሌለ ብዙ ቻርጀር ጭራሽ አይሠራም፣ ሰውም «ተበላሸ» ይላል። ግማሽ ሰዓት ከሞላችሁ በኋላ ሶኬቱን ንኩ፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ግንኙነቱ ላልቷል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 7 ኪሎ ዋት 32 አምፒር ስለሚስብ 6 ካሬ ሽቦና 40 አምፒር ብሬከር ይፈልጋል፤ ቆጣሪያችሁ መቻሉን አስቀድማችሁ አስጠይቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ነው። እንጀራ ሲጋገር መኪና አይሞላም፣ ዋናው ብሬከር ይወርዳል።

የሚሰካበትን አፍም እዩ። ለቻይና የተሠራው ጂቢቲ ነው፣ ሌላው ሲሲኤስ፤ ፈጣን ቻርጀር ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አፉ የማይገጥም ከሆነ ዋጋ የለውም። ለመሐል ሜዳው መንገድ ደግሞ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ሆዱ ድንጋይ ከነካ ጉዳዩ ከማርሚታ መቀደድ ይለያል። በዓመት ስንቴ መንዝ እንደምትሄዱ ቁጠሩ። ብዙ ከሆነ የአውሮፓውን ያሪስ ወይም ዲዛየሩን ግዙ።


ሊብሬ አንባቢ፦

ወረቀቱን ማንም አላነሳውም። መኪናውን ከወደዳችሁት በኋላ ሳይሆን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሚታይ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር በሆሄ አነጻጽሩ። ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ እገዳ መኖሩን አስጠይቁ፤ የባንክ ብድር፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ ያልተከፈለ ቀረጥ እዚያ ነው የሚወጣው። «ከቀረጥ ነፃ» ተብሎ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናው አለመሻሩን አረጋግጡ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል፣ እናንተም ከወራሾች ጋር ትቀራላችሁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፤ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። እናንተም ውሉ ላይ ሁለታችሁም ስማችሁ ይግባ።

የአዲስ አበባ ታርጋ ያለውን ወደ አማራ ታርጋ ለማዞር ፋይሉ ራሱ መተላለፍ አለበት። የትራንስፖርት ቢሮውን ቀጠሮ አስቡና ክፍያውን በሁለት ከፍሉት፦ አብዛኛው ውል ሲፈረም በባንክ፣ ቀሪው ስሙ ሲዞር። ቦሎ የተመታበትን ቀን እዩ፤ ሊያልቅ ከሆነ ምርመራውን ሻጩ አሳልፎ ያስረክብ። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው፣ ያለሱ መንገድ አትውጡ።

ለምን ሁሉም ቪትዝና ዲዛየር ብቻ ይነዳል ለሚል፣ በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነ አዲስ መኪና 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ላለው 60 በመቶ አድርጎ ነበር። ገበያው ከዚያ ወዲህ ወደ ትንሹ ሞተር ዞረ። ዳገቱን ማንም አልጠየቀውም።


የበሬሳ ማዶ፦

ሁላችሁንም እናመሰግናለን። ግቢው የኪራይ፣ ቆጣሪውም የጋራ ስለሆነ ኤሌክትሪኩን ለጊዜው ትተነዋል። ሁለተኛው ትውልድ 1.3 ያሪስ፣ ማንዋል፣ ሻንሲው በቪኤንኬ የሚጀምር አንድ አግኝተናል፤ ዲዛየርም አንድ አለ። ቅዳሜ እንጦጦ እናስወጣቸዋለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረን፦ ለመሐል ሜዳው መንገድ ያሪሱን በስፔሰር ከፍ ማድረግ ይቻላል የሚሉን አሉ። ይቻላል?


መካኒክ ከጠባሴ፦

ይቻላል፣ አታድርጉት። ስፔሰር ሰውነቱን ከፍ ሲያደርግ ከካምቢዮ ወደ ጎማ የሚሄደው አክስል ይንጋደዳል፤ የአክስሉ የላስቲክ ሽፋን ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አፈር ይገባል፣ መሪ ስታዞሩ ቀ-ቀ-ቀ የሚል ድምፅ ይመጣል። አላይመንቱም አይያዝም፣ ጎማውን በአንድ ጎን ይበላዋል።

ከፍ ማድረግ ከፈለጋችሁ በጎማ ነው። 175/65 አር 14 ከሆነ የተገጠመው፣ 175/70 አር 14 ግጠሙ። መኪናው 9 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል፣ ጎማውም ወፍራም ስለሆነ የኮረኮንቹን ድንጋይ ይውጠዋል። ፍጥነት ቆጣሪው 3 በመቶ ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ 80 ሲል 82 ገደማ ናችሁ። መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ ፓራፋንጎው ውስጥ አለመንካቱን እዩ። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ ስኮርታውም ጭምር።

ከዚህ የበለጠ የሚጠቅማችሁ የሞተር መከላከያ ብረት ነው። ያሪሱ ከሥር የዘይት መያዣው ክፍት ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ለዘይት ማውጫው ቀዳዳ የተተወለት፣ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረ፤ በብየዳ አታስይዙት፣ ሰርቪስ በተደረገ ቁጥር ይቆረጣል። ከኋላ እህል ስትጭኑ የኋላ ጎማዎቹን ከወትሮው በሦስት ወይም አራት ፒኤስአይ ጨምሩ፣ ስታራግፉ መልሱት። ክሪኩንና የጎማ መፍቻውንም እንጦጦ ሳትሄዱ እዩልኝ፤ አሮጌ መኪና ሲሸጥ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው።